«ልጄን ያመክኑብኛል»፦ ስለ ማህፀን በር ካንሰር ክትባት ቡና ላይ የሚነሱ ወሬዎች

ጎንደር፣ አዘዞ፣ ጎረቤት ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ትምህርት ቤት ሴት ልጆችን የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ሊከትቡ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። አንዷ ጎረቤቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና «የዚያን ቀን ልጄን ከቤት አላስወጣትም» አለች። ክፉ እናት ሆና አይደለም፤ ስለምትሳሳላት ነው። ስለዚህ ሳልቆጣ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ክትባቱ ያመክናል»

ከሁሉም የከበደው ይሄ ነው። ጎረቤቴ ዝም ብላ አላወራችም፤ ጠየቀች። ለምን ሴቶቹን ብቻ? ለምንስ በነጻ?

ሴቶቹ የተመረጡት የማህፀን በር ያላቸው እነሱ ስለሆኑ ነው። እንደ አውስትራሊያና እንግሊዝ ያሉ አገሮች ወንዶችንም ይከትባሉ። በነጻ መሆኑም አዲስ ነገር አይደለም። ልጆቻችንን ለፖሊዮና ለኩፍኝ ያስከተብነው ከፍለን ነው እንዴ?

ካንሰሩን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ክትባቱ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር የዚህን ቫይረስ ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ ራሱ የለበትም፤ ስለዚህ በሽታውን አያሲዝም። ሰውነት ያንን ቅርፊት አይቶ ጠላቱን መለየት ይማራል። ከማህፀንም ሆነ ከእንቁላል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ማህፀን የሚያሳጣውስ ካንሰሩ ነው። ዘግይቶ ሲገኝ ማህፀን በቀዶ ሕክምና ይወጣል ወይም በጨረር ይታከማል፤ ከዚያ በኋላ መውለድ የለም። ለልጃችን መውለድ ከሰጋን፣ መፍራት ያለብን በሽታውን ነው።

«ገና ልጅ ናት፤ ወንድ መች ታውቅና!»

አዎ፣ ልክ ነው። የምትከተበውም ለዚሁ ነው። ኤችፒቪ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ ክትባቱ ደግሞ ቀድሞ የገባን ቫይረስ አያስወጣም። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ስትጀምር ለ14 ዓመት ልጆች ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ከ9 እስከ 14 ላሉት ተሰጠ። «ያባልጋታል» የሚሉም አሉ። በሌሎች አገሮች የተከተቡ ልጆችን ተከታትለው አይተዋል፤ ከሌሎቹ ቀድመው ግንኙነት አልጀመሩም።

«እኔ ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም»

ቫይረሱ እጅግ የተለመደ ነው። ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በሕይወቱ አንዴ ያገኘዋል። ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በሁለት ዓመት ራሱ ይጠፋል። ባልሽ ከጋብቻ በፊት ይዞት ሊሆን ይችላል፤ እሱም አያውቅም። ስለዚህ ቫይረሱ ተገኘብሽ ማለት አንዳችሁ ማገጣችሁ ማለት አይደለም። ይሄን ባለማወቅ ትዳር እንዳይፈርስ እላለሁ።

«ለእኛማ አልፎናል»

ቤቱ ውስጥ ከነበርነው ብዙዎቻችን ያልነው ይህንን ነው። ግማሹ እውነት ነው። ክትባቱ በትልቅ ሴት ላይ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ የመንግሥት ዘመቻም እኛን አይጨምርም። ነገር ግን ሰውነት ውስጥ የቀረው ቫይረስ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ በምርመራ ቀድመን ለማግኘት ጊዜ አለን። ኤችአይቪ በደሟ ባለ ሴት ላይ ግን ይፈጥናል፤ እሷ ቀድማ መመርመር አለባት። ለሌሎቻችን ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ነው።

ምርመራውን ላስረዳሽ። አልጋ ላይ ትተኛለሽ። ነርሷ የማህፀን በርሽን በቀጠነ አሴቲክ አሲድ፣ ያው ኮምጣጤ ውስጥ ባለው፣ ትነካዋለች። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የታመመ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካንሰር ሳይሆን በፊት ከተገኘ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ብዙ ጊዜ የዚያኑ ቀን አልቆ ወደ ቤት ትመለሻለሽ። ምጥ ለቻለች ሴት ይሄ ምንም አይደለም።

«ከተከተበች ምርመራ አያስፈልጋትም»

ያስፈልጋታል። 16 እና 18 የሚባሉት የቫይረሱ ዓይነቶች ወደ 70 በመቶ የሚሆነውን የማህፀን በር ካንሰር ያመጣሉ፤ ክትባቱ የሚከላከለው በዋናነት እነሱን ነው። የቀረውን ምርመራ ይይዘዋል።

በረካው ሲቀዳ ጎረቤቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የሚመረምረው ወንድ ነው?» አለችኝ። ለካስ እስከዛሬ ያስቀራት ይሄ ኖሯል። ሴት ነርስ መጠየቅ ይቻላል አልኳት።

«እንግዲያውስ ሰኞ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለችኝ።