የአሮጌ ሰዓት ቁጥሮች ባይመሳሰሉ ምን ማለት ነው?

ፒያሳ አሮጌ የእጅ ሰዓት የሚገዛ ሰው ክዳኑን አስከፍቶ የተለያዩ ቁጥሮች ሲያይ «የተገጣጠመ ነው» ብሎ ይሸሻል። አይቸኩል! እንደ መኪና ሻንሲና ሞተር ሁሉ የሰዓት ቀፎና ሞተርም የየራሳቸው ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። የድሮ ሮሌክስ መለያ ቁጥር በቀፎው ጎን፣ ቁጥር 6 በኩል፣ ከማሰሪያው ሥር ተቀርጿል፤ የሞዴሉ ቁጥር ደግሞ 12 በኩል። ኦሜጋ በአብዛኛው መለያ ቁጥሩን ሞተሩ ላይ፣ የሞዴሉን ክዳኑ ውስጥ ያትማል። እንዲመሳሰሉ አይጠበቅም። እንዲያውም 1575 የሚባለው የሮሌክስ ሞተር 1570 የሚል ጽሑፍ ታትሞበት ከፋብሪካው ወጥቷል።

መጠየቅ ያለበት ሞተሩ ለዚያ ሞዴል የተሠራ መሆኑና ዘመናቸው መቀራረቡ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1950ዎቹ ሞተር በ1970ዎቹ ቀፎ ውስጥ ከተገኘ ሰዓቱ በእርግጥ ተዳቅሏል፤ ዋጋውም ይውረድ። የተቀየረ ወይም እንደገና የተቀባ ፊትን ግን ቁጥር አያጋልጥም፤ ለዚያ ልምድ ያለው ሰዓት ሠሪ ያስፈልጋል።