ያልተረጋገጠ መድኃኒት «ለመከላከል» መውሰድ ለካንሰር ታማሚ ለምን ያሰጋል?
ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ለወባ ተፈቀደ ማለት ኮቪድን ይከላከላል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ መድኃኒት ለኮቪድ መከላከያ እንዳይወሰድ በ2021 እ.ኤ.አ. አጥብቆ መክሯል።

«ምን ይጎዳል?» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ለካንሰር ታማሚ ግን ይጎዳል። መድኃኒቱ በኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ «ኪውቲ» የሚባለውን የልብ ምት ክፍተት ያረዝማል። የትውከት ማስታገሻው ኦንዳንሴትሮንም፣ እንደ ኒሎቲኒብ ያሉ የካንሰር መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በዚያ ላይ ኬሞቴራፒ የሚያስከትለው ትውከትና ተቅማጥ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየምና ማግኒዥየም ያወርዳል፤ ይህም አደጋውን ያባብሳል። እንደ ልብ ምት ፍጥነት የተስተካከለው ኪውቲ ከ500 ሚሊሰከንድ ካለፈ ለሞት የሚያደርስ የልብ ምት መዛባት አደጋው በጣም ይጨምራል። መድኃኒቱ ቢቋረጥም ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል።

ጀምረው ከሆነ ቀጣዩን ኬሞ ከመውሰድዎ በፊት ለካንሰር ሐኪምዎ ይንገሩ፤ ኢሲጂ፣ የፖታሲየምና የማግኒዥየም ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። በሕክምና ጥናት ውስጥ መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ፈቃድዎ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ ጉዳቱም ክትትል ይደረግበታል።