የአንኮበር የጥንት ምስሎች፦ ከድንጋይ ኅትመት እስከ ካሜራ

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል በሚወርድበት አፋፍ ላይ የምትገኝ የቀድሞ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ናት። አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር የባሕር ማዶ መልእክተኞች ደጅ የሚጠኑት እዚህ ነበር። ከሰሜን ሸዋ ስፍራዎች መካከል አንኮበር ቀደም ብላና ደጋግማ በወረቀት ላይ የሰፈረችውም ለዚህ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በተሻለ የሚታወቀው ዘመን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847) ነው። በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ፤ በ1843ም ተመለሰ። ለንጉሡ ካመጣቸው ገጸ በረከቶች መካከል ጠመንጃና ዜማ የሚያሰሙ ሰዓቶች ይገኙበታል። ለዚህ ዳሰሳ የሚፈለጉት ግን ከቡድኑ ጋር የመጡት ሁለት ጀርመናውያን ናቸው፦ ዕፅዋትና እንስሳት የሚሰበስበው ዶክተር ሮትና ሠዓሊው ዮሐን ማርቲን በርናትስ። በርናትስ አንኮበርን፣ ሌላዋን የንጉሡን መቀመጫ አንጎለላን፣ ግቢውንና ሠራዊቱን ሣለ፤ ሥዕሎቹም በ1852 ለንደን ላይ በድንጋይ ኅትመት (ሥዕሉ በድንጋይ ላይ ተሥሎ በሚታተምበት ዘዴ) ወጡ። ፊቶቹና የሸማው አጣጣል የአውሮፓ ሠዓሊ ቤት ሽታ አላቸው። ኮረብታውን ግን አልበደለውም፤ ሾጣጣው ጉብታ፣ ዙሪያውን የተተከለው የእንጨት አጥርና የሣር ክዳን ጎጆዎቹ ጎብኚዎቹ በጽሑፍ ከተዉት ጋር ይስማማሉ።

ከሣህለ ሥላሴ ሞት እስከ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1865 ሸዋ እስከ ገቡበት ያለው ጊዜ በምስል ረገድ ድሃ ነው።

በ1876 የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን በማርኪዝ ኦራትሲዮ አንቲኖሪ መሪነት መጣ። ምኒልክ በአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት፤ እዚያም የወፎችና የዕፅዋት ናሙና የሚሰበሰብበት፣ የአየር ጠባይ የሚመዘገብበት ጣቢያ ተቋቋመ። አንቲኖሪ ቀኝ እጁ በጠመንጃ አደጋ ተጎድቶ እንኳ ሥራውን አልተወም፤ በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ ዶክተር ራጋትሲና ዶክተር ትራቨርሲ ጣቢያውን መርተዋል።

ካሜራውን በሸዋ ማን አስቀደመ የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ሊሆን ይችላል። በ1879 አንኮበር የደረሰው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ግን ከቀደሙት መካከል እንደሆነ አያጠራጥርም፤ የፎቶግራፍ ስብስቡ ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። ፈረንሳዊው አሳሽ ዡል ቦሬሊ ከ1885 እስከ 1888 በአካባቢው ተዘዋውሯል። በ1883 ሐረር ላይ ራሱን ፎቶ ያነሣው ገጣሚ አርተር ራምቦም በ1887 ጠመንጃ ጭኖ ለምኒልክ ሊሸጥ ያለፈው በአንኮበር ነው።

የዚያን ዘመን ምስል የሚያይ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ፎቶግራፍን እንዳለ መጽሐፍ ላይ ማተም ገና አስቸጋሪ ስለ ነበር፣ ቀራጩ ፎቶውን አይቶ በእንጨት ወይም በብረት ላይ ይቀርጸው ነበር። ሰማዩ ባዶ ሲመስለው ደመና፣ ሜዳው ሲጎልበት አጋሰስና እረኛ ይጨምራል። ስለዚህ «ከፎቶግራፍ የተወሰደ» የተባለ ሁሉ እንደ ፎቶግራፍ አይታመንም።

 

ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሲወጡ፣ በ1886 አዲስ አበባም ስትቆረቆር፣ ካሜራው አብሮ ሄደ። በ1905 የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለቤተ መንግሥቱ ፎቶ ሲያነሣ አንኮበር መናገሻነቷ ቀርቶ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደግሞ የወራሪው ካሜራ የዞረው ጣሊያኖች ተራራ በስተው ወደ ሠሩት የጣርማ በር ዋሻና በዚያ ወደሚያልፈው አዲሱ መንገድ ነው።

መግለጫ የሌለው የሸዋ ምስል ሲገኝ አንኮበርን ከእንጦጦ መለየት ያስቸግራል። ብቻውን የቆመ ሾጣጣ ኮረብታ ወደ አንኮበር፣ ረጅም የተራራ ጀርባ ወደ እንጦጦ ያመለክታል። በምስሉ ላይ ያደገ ባሕር ዛፍ ከታየም ሥዕሉ የ1880ዎቹ ሊሆን አይችልም፤ ዛፉ ወደ አገር የገባው በ1890ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነውና።