ጥንቸል፦ አንድ ስም፣ ሁለት ወገን

የደሴ ሰው በጓሮው ሣጥን ውስጥ የሚረባውን ነጭ እንስሳ ጥንቸል ይለዋል፤ በገጠሩ ከቁጥቋጦ ሥር ድንገት ተነሥቶ የሚፈተለከውንም ጥንቸል ይለዋል። ለአማርኛ አንድ ስም በቅቶታል፤ የሥነ ሕይወት ምደባ ግን በሁለት ወገን ይለያቸዋል።

ሁለቱም አጥቢዎች ናቸው፤ ክፍለ መደባቸው ላጎሞርፋ፣ አስተኔያቸው ሌፖሪዴ ይባላል። ስዊድናዊው የሥነ ሕይወት ምደባ ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከአይጦች ጋር ደምሯቸው ነበር። አፋቸውን ከፍቶ ላየ ግን ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ሌሎች ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ተደብቀዋል፤ አይጥ እነዚህ የሏትም።

የቤቱ ጥንቸል ኦሪክቶላገስ ኩኒኩሉስ ነው፤ የዱር ዘሩ የስፔንና የፖርቱጋል ምድር ተወላጅ ሲሆን 44 ክሮሞሶሞች (በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከሙ ክሮች) አሉት። በኢትዮጵያ ዱር የሚኖሩት ሁሉ ግን 48 ክሮሞሶሞች ያሉት የሌፑስ ወገን ናቸው፤ ሁለቱ አይዋለዱም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ መንገዱ በኮምቦልቻ በኩል አድርጎ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በደረቁ ቆላ የሚኖረው ሌፑስ ሀበሲኒከስ ነው። ሌፑስ ስታርኪ ደግሞ የማዕከላዊው ደጋ ልጅ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም፤ እንደ ቀይ ቀበሮና እንደ ዋልያ ሊታወቅ ሲገባው ስሙን የሚያነሣ የለም።

ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸል ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም ብሎ ስለሚከለክል የወሎ ክርስቲያን አይበላውም፤ በአብዛኞቹ የሱኒ ሊቃውንት ዘንድ ግን ሥጋው ሐላል ነው። ያመሰኳል ይባል እንጂ፣ ጥንቸል እንደ በሬ የሚያመሰኳ ጨጓራ የለውም። መጀመሪያ የሚጥለውን ለስላሳ ኩስ መልሶ ይበላል፤ ሣሩም በአንጀቱ ሁለት ጊዜ ያልፋል።

ወገኖቹን ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው ግልገሎቹን ማየት ነው። የቤቱ ጥንቸል በ31 ቀን ገደማ ዕርቃናቸውንና ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወልዳቸዋል፤ በዱር ሲኖር ጉድጓድ የሚቆፍረውም ለዚህ ነው። የሌፑስ ግልገሎች ግን ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው በሜዳ ላይ ይወለዳሉ። እናታቸው ጠላት እንዳትስብባቸው ርቃ ትውልና ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መጥታ ታጠባቸዋለች። እረኛ ልጅ በሣር መካከል ብቻዋን የተኛች ግልገል ቢያገኝ የተጣለች መስሎት ወደ ቤት መውሰድ የለበትም፤ እናቷ ምሽት ላይ ትፈልጋታለች።