እርግዝና ላይ ማጨስና የልጅ ትኩረት፦ የቱ እርግጥ፣ የቱ አከራካሪ?

"እርጉዝ ሆና ያጨሰች እናት ልጇ የግድ ቀዥቃዣ ይሆናል" የሚለው ልክ አይደለም፤ "ምንም አያመጣም" የሚለው ግን ይብሳል። እርግጡ ይህ ነው፦ ኒኮቲን በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ወይም ከ37 ሳምንት በፊት የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል።

ትኩረት ማጣትም በእነዚህ ልጆች ላይ በዛ ብሎ ይታያል። ነገር ግን አንዲት እናት አንዱን ስታረግዝ አጭሳ ሌላውን ስታረግዝ ካላጨሰች፣ ሁለቱ ልጆች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ በጣም ይጠባል። ከወላጅ የሚወረስ ባሕርይና የቤት ኑሮም እጃቸው አለበት ማለት ነው። እንደ እርሳስ አያያዝ፣ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ፣ ኳስ መቅለብ ባሉ የልጁ የእጅ ቅልጥፍናዎች ላይ ደግሞ የማጨሱ ውጤት ከጥናት ጥናት ይለያያል።

ሺሻውን ውሃው ያጣራዋል ለምትሉ፦ ከሰሉ የሚያወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ውሃ አያስቀረውም።