«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፦ ካሳ የሚባለው ስም ነገር

ባለፈው ዓመት እህቴ እዚሁ ጎንደር ወንድ ልጅ ስትገላገል፣ ዘመድ ሁሉ «ካሳ በይው፣ አያቱን ያስጠራው» አላት። አያታችን ካሳ ካረፉ ቆይቷል፤ ስማቸውን ግን ቤቱ ሁሉ ይወደዋል። እምቢ ያለችው የገዛ ባለቤታቸው፣ አያቴ ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለአራሷ ገንፎ እያጎረሰች «ተይ ልጄ» አለች። «እሳቸውን ካሳ ያሏቸው እናታቸው ሦስት ቀብረው ነው። አንች ማንን ቀበርሽ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውን አባባል ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ዋዛ ሰምቼው አላልፍም።

አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ቸርነት የሚባል ሰው እጁ የማይታጠፍ ለጋስ ሆኖ ሲገኝ፣ ወይም የሰፈር ልጆች ያወጡት ቅጽል ስም ሰውየውን ልክ ሲገልጸው «እውነትም ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። አራስ ቤት ቁጭ ብሎ የሕፃኑን ዕድል የሚተነብይበት ሰው ብዙም አላየሁም። ዕድሜ ኖሮ ስሙን ሲፈታው ዞር ብሎ አይቶ የሚደነቁበት አነጋገር ነው።

መልአኩ ከየት መጣ ለሚል፣ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው መልሱን ከሉቃስ ወንጌል ያገኘዋል። መልአኩ ገብርኤል ለካህኑ ዘካርያስ ልጅ እንደሚወለድለት ሲያበስረው ስሙንም አብሮ ነገረው፦ ዮሐንስ። ልጁ ተወልዶ ስም ሊወጣለት ዘመድ ሲሰበሰብ ዘካርያስ አንደበቱ ተዘግቶ ነበርና፣ ዘመዶቹ በአባቱ ስም ሊጠሩት ፈለጉ። ኤልሳቤጥ እምቢ ብትል «ከዘመዶችሽ በዚህ ስም የሚጠራ የለም» አሏት። አባትየው ሰሌዳ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ። የእኛን ቤት ክርክር ያየ ሰው ይህን ታሪክ ሩቅ አይለውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን «ያወጣዋል» የሚለው ግስ ነው። በአማርኛ ስም ሲሰየም «ወጣለት» ይባላል። ዕጣ ይወጣል፣ ውኃ ከጉድጓድ ይወጣል፣ ስምም እንዲሁ። የሚወጣ ነገር ቀድሞ ውስጥ የነበረ ነው። ስለዚህ ስም አውጪው፣ አባትም ይሁን አያት፣ እቤቱ ውስጥ ያለውን ደስታ ወይም ኀዘን አይቶ ነው ስሙን የሚስበው።

ካሳ የወጣው ከኀዘን ነው። ለጠፋ ነገር የሚከፈል ማካካሻ ማለት ነው፤ ሟች ልጅ ላለባት እናት የተከፈለ። ካሳሁን፣ ካሳነሽ፣ ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ፈንታሁን፣ ማስረሻ ሁሉም የዚያው ጓዳ ልጆች ናቸው። እነዚህን ስሞች በሰልፍ ሲጠሩ የሰማ ሰው የስንት እናት ዕንባ እንዳለፈ ይሰማል።

ስሙን አገር ያወቀው ግን በቋራው ልጅ ነው። ካሳ ኃይሉ የካቲት 1847 ዓ.ም. ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ፣ ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ላይ ይመጣል የተባለውን ንጉሥ ስም ይዘው ቴዎድሮስ ተባሉ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በፉከራው «መይሳው ካሳ» ነው የሚላቸው፤ ለመሳፍንቱ ዘመን በደል የተከፈለ ካሳ አድርጎ። ጎንደር ላይ ግን ይህ ስም ከባድ ነው። በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን የዘረፉትና ያቃጠሉት፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንዋያተ ቅድሳት የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። ዛሬ ከተማዋ መሐል ሐውልታቸው ቆሟል፤ አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያም በስማቸው ይጠራል። ጎንደር ሁለቱንም በልቧ ይዛለች፤ እኔም ጎንደሬ ነኝና ሁለቱንም እይዛለሁ።

አሁን ካሳን የምንሰማው በአብዛኛው የአባት ስም ሆኖ ነው። ሕፃናቱ ናትናኤል፣ ሶልያና፣ ማርኮን ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ባህል እንደመርሳት ያየዋል፣ እኔም እንዲያ አስብ ነበር። አያቴ ያየችው ግን ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. በአገሪቱ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 67 ሆነ። የሚካስ ሐዘን ሲቀንስ ካሳ የሚባል ሕፃን ቢያንስ ምን ይደንቃል? ስሙ የሚወጣበት ጉድጓድ እየደረቀ ነው፤ ይድረቅ።

ልጁ በአርባ ቀኑ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተጠመቀ። ቄሱ ማተቡን አስረው ወልደ ሥላሴ አሉት። እህቴና ባሏ ናትናኤል ይሉታል። አንድ ሰው በብዙ ስም መጠራቱ ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም፤ ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌም በክርስትና ወለተ ጊዮርጊስ፣ በዙፋን ብርሃን ሞገሳ፣ በሰው አፍ ደግሞ ምንትዋብ ነበሩ።

ቆርቦ ሲያበቃ አያቴ ልጁን ተቀብላ ታቅፋ ቆመች። ከጣራው ላይ እነዚያ ዓይናቸው ትልልቅ መላእክት፣ ክንፋቸው በአንገታቸው ሥር፣ በየረድፋቸው ቁልቁል ያያሉ። ቀና ብላ ረዥም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ሕፃኑ ጎንበስ ብላ «ጥጋቡ» አለችው። እስከ ዛሬም እሷ ብቻ እንዲህ ትጠራዋለች።