የካምፕ ቢላዋ እንዴት ይፈተናል?

የካምፕና የጫካ ቢላዋ ከሰንጢ የሚለየው ባለመታጠፉ ነው። ብረቱ እጀታው ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ በብዙዎቹ እስከ እጀታው ጫፍ ይደርሳል። የሚላላ ማጠፊያ ስለሌለው ከባድ ከባዱ ሥራ ለእሱ ይተዋል። ገመድ ይቆርጣል፣ ማገዶ ይፈልጣል፣ የድንኳን ችካል ያሾላል፣ ምሳ ሲደርስ ደግሞ ሽንኩርት ይከትፋል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ሽንኩርት አሳምሮ የሚከትፍ ቀጭን ስለት እንጨት ላይ ሊሸረፍ ይችላል። እንጨት የሚችለው ወፍራሙ ደግሞ ቲማቲም ይጨፈልቃል።

ብረቱም እንዲሁ ነው። በጣም ሲጠነክር ስለቱ ቶሎ አይዶለዱምም፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ለስለስ ሲል ከመሰበር ይልቅ ይጎብጣል፤ ስለቱ ግን አይቆይም። ይህ ጥንካሬ የሚለካው በሮክዌል መለኪያ ነው። የአልማዝ ሾጣጣ በ150 ኪሎ ግራም ጫና ብረቱን ይወጋዋል፤ የገባበት ጥልቀት ወደ ቁጥር ይቀየራል። አብዛኞቹ የካምፕ ቢላዋዎች ከ56 እስከ 60 ያገኛሉ። ሻጮች ይህን ቁጥር በትልቁ መጻፍ ይወዳሉ። ቁጥሩ ግን ስለቱ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አይናገርም። ለእኔ ደግሞ በመቁረጥ ላይ ከሁሉም በላይ የሚወስነው እሱ ነው።

ስለትን ለብቻው የሚፈትን ማሽንም አለ። የቢላዋ ከተማ በምትባለው በእንግሊዟ ሼፊልድ የሚገኘው ካትራ የተባለ የምርምር ተቋም ይሠራዋል። ቢላዋው ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ይታሰራል። የተደራረበ ወረቀት ይጫነዋል፤ ከዚያ እየተመላለሰ ይቆርጣል። ወረቀቱ ውስጥ 5 በመቶ ሲሊካ አለ፤ ሆን ተብሎ ስለቱን እንዲበላው ነው። መጀመሪያ ላይ የተቆረጠው ቢላዋው እንዴት እንደተሳለ ያሳያል። በጠቅላላው የተቆረጠው ደግሞ ስለቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ። ጥሩ መለኪያ ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ ቢላዋውን በዱላ አይመታውም፣ እንጨት ውስጥ ሰክቶም አያጣምመውም።

ከማውቃቸው ፈተናዎች ሁሉ ብልህ የምለው የአሜሪካ ቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበርን ነው። ማኅበሩን ቢል ሞራን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 አቋቋመው። ማዕረግ የሚፈልግ ቀጥቃጭ ራሱ የሠራውን ቢላዋ ይዞ በአንድ ሊቅ ቀጥቃጭ ፊት ይቀርባል። የስለቱ ርዝመት ከ10 ኢንች፣ ማለትም ከ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለፍ የለበትም። መጀመሪያ ከላይ የተንጠለጠለ፣ ከታች ያልታሰረ፣ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ገመድ ይጠብቀዋል። በአንድ ምት መቁረጥ አለበት። ገመዱ ልቅ ስለሆነ ያልተሳለ ቢላዋ ገፍቶት ብቻ ያልፋል። ቀጥሎ የግንባታ እንጨት ይመጣል። አሜሪካኖች በኢንች ቆጥረው ሁለት በአራት የሚሉት ነው፤ በእርግጥ ሲለካ ከስሙ ያንሳል። እሱን ሁለት ጊዜ ከትክቶ መበጠስ አለበት። ከዚያ እንጨቱን በከተከተው በዚያው የስለቱ ክፍል የክንዱን ፀጉር ይላጫል!

መጨረሻ ላይ ቢላዋው ሞርሳ ላይ ታስሮ እስከ 90 ዲግሪ ይታጠፋል። ስለቱ ትንሽ ቢሰነጠቅ ግድ የለም፤ ተሰብሮ ከተቆረሰ ግን ፈታኙም ፈተናው አበቃ ይላል። ገመዱና ፀጉሩ ጠንካራ ስለት ይጠይቃሉ፤ መታጠፉ ደግሞ ለስላሳ ብረት። ሁለቱን ማስታረቂያው የእሳት ሥራው ነው። ቀጥቃጩ ስለቱን አጠንክሮ ጀርባውን ያለሰልሰዋል። ያለፈው ቢላዋ ከዚያ በኋላ ለምንም አይውልም።

ሜዳ ላይ ያለው ፈተና እንዲህ መልክ የያዘ አይደለም። የሚታወቀው የቢላዋውን ጀርባ በዱላ እየመቱ ማገዶ መፈለጥ ነው። የእንጨቱ ውፍረት ከስለቱ ርዝመት ማነስ አለበት፤ ያለዚያ የሚመታ ጫፍ አይተርፍም። ቋጠሮ ያለበት እንጨት ብዙ ቢላዋ ጨርሷል። ከዚያ ደረቅ እንጨት ላይ ሳይቆርጡ ቀጫጭን ጥቅልል ፍቅፋቂ ማውጣት አለ፤ እሳት የሚያዘው እሱ ነው። የቢላዋው ጀርባ ጠርዙ ስል ከሆነ የእሳት ብረት የሚባለውን የእሳት መለኮሻ ዘንግ ፍቆ ፍንጣሪ ያወጣል፤ ከተድቦለቦለ ግን አያወጣም።

እጀታ ግን ተረስቷል። ሱቅ ውስጥ ሲይዙት ሁሉም ይመቻል። ለአንድ ሰዓት ያህል እንጨት ሲቀርጹበት መዳፍ ውሃ ይቋጥራል፤ የጣት መግቢያ የተቀረጸበት እጀታ በተለይ ለሌላ ሰው እጅ የተሠራ ይመስላል። በእርጥብና በቅባት እጅም መሞከር አለበት፤ እጅ ተንሸራቶ ወደ ስለቱ የሚሄደው ያኔ ነው። ሰገባውም ይፈተናል። ተገልብጦ ሲናወጥ ቢላዋውን ከጣለ ወገብ ላይ አይታመንም።

ቢላዋ በድንጋይ ብሎክ ላይ እየተደበደበ የሚቀረጸው ቪዲዮ ብዙ ተመልካች አለው። ብዙውን ጊዜ ትርኢት ነው፤ ካምፕ ወጥቶ ብሎክ የሚቆርጥ የለም። ይልቅ ሁለት የስዊድን ቢላዋዎችን እንይ። ፋልክኒቨን ኤፍ1 ለስዊድን አየር ኃይል አብራሪዎች የቀረበ ነው። ወፍራም ብረቱ እጀታውን ዘልቆ ከኋላ ይወጣል። የሞራ ከተማው ኮምፓኒየን በጣም ርካሽ ነው፤ ብረቱም ቀጭን ሲሆን እስከ እጀታው ጫፍ አይደርስም። በዱላ ምት ኤፍ1 ይበልጣል። ፍቅፋቂ በማውጣትና ምሳ በማዘጋጀት ግን ርካሹ ቢላዋ አያሳፍርም።